ለሄርሚት ክራብ የውሃ ገንዳ፦ የሱቅ ሳህን፣ የምግብ ዕቃ፣ ጨውና ክሎሪን ማጥፊያ ሲመዘኑ

ሰመር ላይ ከዲሲ አካባቢ ወደ ኦሽን ሲቲ ወይም ወደ ቨርጂኒያ ቢች የወረደ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ሄርሚት ክራብ፣ ማለትም ባዶ ዛጎል ውስጥ ገብቶ የሚኖር ሸርጣን፣ ይዞ ይመለሳል። ከባሕር ዳር ሱቆቹ አንዳንዶቹ ሸርጣኑን በነጻ ሰጥተው ጎጆውን ይሸጣሉ። ጎጆው ሽቦ ነው። ውስጡ ቀለም የተቀባ ዛጎል፣ አንድ ስፖንጅና የጠርሙስ ክዳን የምታህል የውሃ ሳህን ይኖራል። እዚህ የምገመግመው ያቺን ሳህንና በእሷ ቦታ ሊገቡ የሚችሉትን ዕቃዎች ነው፤ ገንዳው ውስጥ የሚፈሰውን ውሃ የሚያዘጋጁትን ጨውና መድኃኒትም እጨምራለሁ።

ፍርዱን ከፊት ላስቀምጠው። ከጎጆው ጋር የሚመጣው ሳህንና ስፖንጅ አይጠቅምም። የእንስሳት ዕቃ መደብር የሚሸጣቸው ድንጋይ መሳይ ሳህኖች ለትናንሽ ሸርጣኖች ይበቃሉ፤ ለትልልቆቹ ግን ጥልቀት ያንሳቸዋል። ከሁሉም የተሻለው ገንዳ ክዳኑ የተጣለ የምግብ ማስቀመጫ ፕላስቲክና የጥልፍ ፕላስቲክ መረብ ነው፤ ሁለቱም የጥቂት ዶላር ዕቃ ናቸው። ከዚያ የተረፈውን ገንዘብ ጥሩ የባሕር ጨው፣ ክሎሪን ማጥፊያና የጨው መለኪያ ላይ ማዋል ይሻላል። ሸርጣን የሚጎዳው ከገንዳው ይልቅ ብዙ ጊዜ በውሃው ነው።

ለምን ሁለት ገንዳ፣ ለምንስ ጥልቅ

አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው ፐርፕል ፒንቸር የሚባለው የካሪቢያን ዝርያ ነው። የሚኖረው የብስ ላይ ቢሆንም የሚተነፍሰው በስንጥብ ነው። ስንጥቡ አየር እንዲስብ የተለወጠ ስለሆነ ሁልጊዜ እርጥብ መሆን አለበት፤ እንደ ዓሣ ውሃ ውስጥ ሊያኖረው ግን አይችልም። ስለዚህ ዛጎሉ ውስጥ ውሃ ቋጥሮ ይዞራል። ጨው ካለውም ከሌለውም ገንዳ እየቀዳ፣ ሰውነቱ የሚፈልገውን የጨው መጠን ራሱ ያስተካክላል። አንዱ ገንዳ ከጎደለ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ቆዳውን ለመቀየር ሲዘጋጅ ደግሞ ውሃና ማዕድን የሚያጠራቅመው ከእነዚህ ገንዳዎች ነው።

ጥልቀቱ የሚለካው በሸርጣኑ ዛጎል ነው። ትልቁ ሸርጣን ገንዳው ወለል ላይ ቆሞ ውሃው ዛጎሉን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። የፒንግ ፖንግ ኳስ የሚያህል ዛጎል ላለው ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይበቃዋል። የቴኒስ ኳስ ለሚያህለው 8 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። “ይሰጥማል” ተብሎ በጣት ጫፍ ጥልቀት ብቻ ውሃ የሚቀርብለት ሸርጣን ዛጎሉን ማጠብም መሙላትም አይችልም። እርግጥ ነው ሄርሚት ክራብ ሊሰጥም ይችላል፤ የሚሰጥመው ግን መውጫ ሲያጣ ነው። ውሃ ስር ረጅም ጊዜ መቆየት ይችላል፤ የሚገድለው ለስላሳ ግድግዳ እየቧጠጠ መውጣት አቅቶት መድከሙ ነው። ገንዳን ደህና የሚያደርገው ከየትኛውም አቅጣጫ የሚያስወጣ ሻካራ መወጣጫ ነው፤ ያ ካለ ጥልቀት አያስፈራም።

ከጎጆው ጋር የሚመጣው ሳህንና ስፖንጅ

ሳህኗ ጥልቀት የላትም፤ ጠርዟ ለስላሳ ነው፤ ቀላል ስለሆነች ሸርጣኑ ሲረግጣት ትገለበጣለች። ስፖንጁ “እንዳይሰጥም መቆሚያ ይሁነው” ተብሎ የሚሰጥ ነው። በ27 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ምግብና ኩስ ተጣብቆበት ቀን ከሌሊት እርጥብ ሆኖ የሚውል ስፖንጅ ግን የባክቴሪያ ማራቢያ ይሆናል። አንዳንድ ሸርጣኖች ቆርጠው ይበሉታል። መውጫ ያለው ገንዳ ስፖንጅ አያስፈልገውም። የሽቦ ጎጆውም ቢሆን እርጥበት ስለማይይዝ ምንም ዓይነት ገንዳ ቢገባበት ስንጥቡን ከመድረቅ አያድነውም። ከ75 እስከ 85 በመቶ እርጥበት የሚይዝ፣ ክዳን ያለው የብርጭቆ አኳሪየም ያስፈልጋል።

ድንጋይ መሳይ ሳህኖች

ዙ ሜድና ኤክሶ ቴራ ለእንሽላሊትና ለእባብ ብለው የሚሠሯቸው ሳህኖች በየመደብሩ አሉ። ጥሩ ጎናቸው መልካቸውና ክብደታቸው ነው፤ አይገለበጡም፤ ገጻቸው ሻካራ ስለሆነ የሸርጣኑን እግር ይይዛል። የዙ ሜዱ መወጣጫ ያለው ሳህን ከእነዚህ ውስጥ ለሸርጣን የሚቀርበው ነው፤ ያለ ምንም ተጨማሪ ሥራ ከሱቅ አምጥቶ መጠቀም ለሚፈልግ ሰው እሱን እመርጣለሁ።

ከመግዛትዎ በፊት ማስመሪያ ይዘው ይሂዱና ውስጡን ይለኩ። የሳህኑ ውጫዊ ቁመት ያታልላል። ወለሉ ወፍራም ስለሆነ ትልቅ የሚመስለው ሳህን ውስጥ የሚገባው የውሃ ጥልቀት ትንሽ ነው። መወጣጫው በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ የቀሩትን ሦስት ጎኖች በጣት ዳብሰው ይፈትሹ። ጣትዎ የሚንሸራተትበት ቦታ ለሸርጣኑም ያንሸራትታል። ሌላው ድክመት ሻካራው ገጽ ራሱ ነው፤ በስንጥቆቹ ውስጥ አተላ ስለሚጣበቅ በብሩሽ ካልተፈተገ በሳምንት ውስጥ ያሟልጫል። የብረት ሳህን ጨርሶ አይግዙ። ጨው ያዝገዋል፤ መዳብ ያለበት ብረት ደግሞ እንደ ሸርጣን ላሉ እንስሳት መርዝ ነው።

የምግብ ዕቃና የጥልፍ መረብ

አሸናፊው ይህ ነው፤ ስለዚህ በዝርዝር ልሂድበት።

የሚያስፈልጉት ሁለት ተመሳሳይ የምግብ ማስቀመጫ ፕላስቲኮች፣ በእደ ጥበብ መደብር ለክር ጥልፍ የሚሸጠው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ሉህ፣ የዓሣ ማጥመጃ ክር፣ መቀስና መርፌ ናቸው። ለዕቃው ጥሩ መጠን 18 በ13 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ 1.9 ሊትር ያህል ውሃ፣ ማለትም ግማሽ ጋሎን ይይዛል። የጥልፍ ሉሁ በኢንች ስንት ቀዳዳ እንዳለው በቁጥር ይለያል። 7 ቁጥር ለአብዛኛው ሸርጣን ይሆናል። ዛጎሉ ከአተር ብዙም የማይበልጥ ትንሽ ሸርጣን ካለዎት ቀዳዳው ጠበብ ያለውን 10 ቁጥር ይምረጡ።

ሉሁን በመስቀል ቅርጽ ይቁረጡ። መሃሉ የዕቃውን ወለል የሚያህል፣ አራቱ ክንፎች ደግሞ አራቱን ግድግዳዎች የሚሸፍኑ ይሁኑ። እያንዳንዱ ክንፍ ከግድግዳው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርዘም፤ ትርፉ ጠርዙን ተሻግሮ ወደ ውጭ ይታጠፋል። ያ ወደ ውጭ የታጠፈው ክፍል ሸርጣኑ ከአሸዋው ወደ ገንዳው ሲወጣ መሰላል ይሆነዋል። ዕቃው ወደ አፉ ሰፋ የሚል ከሆነ ክንፎቹን ወደ ላይ ሰፋ አድርገው ይቁረጡ፤ አለበለዚያ ማዕዘኖቹ ክፍት ይቀራሉ። ማዕዘኖቹን በዓሣ ማጥመጃ ክር ጥብቅ አድርገው ይስፉ። የፕላስቲክ ማሰሪያም ይሠራል፤ የተቆረጠው ጫፉ ስለት ስለሚሆን ግን ወደ ግድግዳው በኩል ይዙር።

እዚህ ላይ የሚፈጠረው አደገኛ ስህተት በመረቡና በግድግዳው መካከል ክፍተት መተው ነው። ትንሽ ሸርጣን በዚያ ስንጥቅ ሾልኮ ከመረቡ ጀርባ ይገባና ተይዞ ይቀራል፤ በደህና ገንዳ ውስጥ ሸርጣን የሚሰጥመው በአብዛኛው እንዲህ ነው። ማዕዘኑን ከሰፉ በኋላ እርሳስ ወስደው በላይኛው ጠርዝ ዙሪያውን ይሞክሩ፤ የትንሹ ሸርጣን ዛጎል የሚያልፍበት ቦታ ካለ እንደገና ይስፉት።

መረቡን በሲሊኮን ማጣበቅ የሚመርጡ አሉ። እኔ አልደግፈውም፤ የተሰፋው መረብ ተነቅሎ ስለሚወጣ እጥበቱ ቀላል ነው። ማጣበቅ ከፈለጉ ግን ለአኳሪየም ተብሎ የተሠራውን፣ ሻጋታ መከላከያ ያልተጨመረበትን ሲሊኮን ይግዙ። የኮምጣጤ ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ፣ ቢያንስ 48 ሰዓት፣ ይተዉት፤ ከዚያ አጥበው ይጠቀሙ።

ድንጋይ ደርድሮ መወጣጫ መሥራትም ይቻላል። ድንጋዮቹ ትልልቅ መሆንና ሲረገጡ የማይናጉ መሆን አለባቸው። ከመኪና ማቆሚያ የተለቀመ ድንጋይ ዘይት ስለሚጠጣ አያስፈልግም። ጠጠርና የብርጭቆ እንክብል ደግሞ ያንሸራትታሉ፤ ቆሻሻውም በመካከላቸው ይሰበሰባል።

ገንዳው የት ይቀመጥ

ሸርጣን ቆዳውን የሚቀይረው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ነው፤ ሳምንታት፣ ትልቅ ከሆነ ወራትም እዚያው ይቆያል። ገንዳው ዝም ብሎ አሸዋው ላይ ከተቀመጠ ሌሎቹ ከስሩ ይቆፍራሉ፤ ሁለት ኪሎ የሚመዝነው ገንዳ ይሰምጥና ከስር ያለውን ለስላሳ ሸርጣን ይጨፈልቃል።

መፍትሔው እግር ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ገዝተው 8 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባላቸው አራት አራት ቁርጥራጮች ይቁረጡት፤ የተቆረጠውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት። ቁርጥራጮቹን በአኳሪየሙ ወለል ላይ አቁመው ገንዳውን በላያቸው ያስቀምጡ፤ ከዚያ ዙሪያውን አሸዋ ይሙሉ። 8 ሴንቲ ሜትር እግርና 10 ሴንቲ ሜትር ገንዳ ሲደመሩ አፉ 18 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሆናል። አሸዋዎን 16 ሴንቲ ሜትር ላይ ካቆሙት የገንዳው ጠርዝ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀራል። ያ ከፍታ ያስፈልጋል፤ ጠርዙ ከአሸዋው እኩል ከሆነ አሸዋው ወደ ውሃው ይናዳል። ለዚህ አሠራር 40 ጋሎን ብሪደር የሚባለው አኳሪየም ይመቻል፤ ቁመቱ 41 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከአሸዋው በላይ በቂ ቦታ ይተርፋል። 20 ጋሎን ሎንግ የሚባለው ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ትልልቅ ሸርጣኖች ካሉ ይጠብባቸዋል።

ሌላው መጠንቀቂያ የአሸዋው መጥለቅለቅ ነው። ሸርጣኖቹ በዛጎላቸው ውሃ እየቀዱ አሸዋው ላይ ያፈሱታል። ከገንዳው ወደ አሸዋ የተንጠለጠለ ሞስ (እርጥበት የሚይዝ ለስላሳ ተክል) ወይም ጨርቅ ካለ ደግሞ እንደ ኩራዝ ክር ውሃውን እየሳበ ቀስ በቀስ ገንዳውን ያደርቃል፤ የአኳሪየሙን ታች ያጨቀያል። በብርጭቆው በኩል ከታች የቆመ ውሃ ከታየ ወይም አሸዋው የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ፣ አሸዋው አየር አጥቷል ማለት ነው፤ ከነተቀበሩት ሸርጣኖች መውጣት አለበት። ያ እንዳይሆን ገንዳዎቹን በአንድ ማዕዘን አይደርድሩ፤ ሞሱንም ከጠርዙ ያርቁ።

ውሃው

ክሎሪን ስንጥብ ያቃጥላል። ስለዚህ የቧንቧ ውሃ ሳይታከም አይገባም። “ውሃውን ሌሊቱን ክፍት አድርጎ ማሳደር” የሚባለው ምክር የድሮ ነው። ዛሬ ብዙ ከተሞች ክሎሪንን ከአሞኒያ ጋር አዋሕደው ክሎራሚን ይጠቀማሉ፤ ክሎራሚን ደግሞ ውሃው ስላደረ ብቻ አይተንም። ዲሲና አርሊንግተን የሚጠጡት ውሃ ዓመቱን በአብዛኛው ክሎራሚን ነው። ከማርች መጨረሻ እስከ ሜይ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ቧንቧዎቹን ለማጽዳት ለሳምንታት ወደ ክሎሪን ይቀየራል፤ የውሃው ሽታ ያን ጊዜ የሚጠነክረው ለዚህ ነው። ፍሪጅ ውስጥ የምናስቀምጠው ማጣሪያ ያለው ጆግም ክሎሪኑን ቢቀንስ እንጂ ክሎራሚንን ሙሉ በሙሉ ያወጣል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ሲኬም የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ፕራይም የተባለ ክሎሪን ማጥፊያ ሁለቱንም ያጠፋል፤ ከክሎራሚኑ የሚለቀቀውን አሞኒያም ይይዛል። የመጠኑ ልክ 5 ሚሊ ሊትር ለ200 ሊትር ነው። ለአንድ ጋሎን ጀሪካን ሁለት ጠብታ ይበቃል። ሽታው የድኝ ነው፤ ተበላሽቷል ብለው አይጣሉት። ባለ 100 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ በዚህ ልክ 1,000 ጋሎን ያክማል፤ ለጥቂት ሸርጣኖች ከሚገባው በላይ ስለሆነ ትልቁን ጠርሙስ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ጠብታ ማውጫ አፍ ስለሌለው ግን ከፋርማሲ አንድ ጠብታ ማንጠባጠቢያ ይግዙ። በክዳኑ እየገመቱ ወደ አንድ ጋሎን መጨመር መጠኑን ከልክ በላይ ያሳልፈዋል። የታከመውን ውሃ ለገንዳ ብቻ ሳይሆን አሸዋውን ለማርጠብና ለመርጫም ይጠቀሙበት።

የታሸገ የምንጭ ውሃ ለጨው አልባው ገንዳ ይሆናል። ዲስቲልድ ውሃ ክሎሪን የለበትም፤ ማዕድንም ግን የለውም፤ ለጨዋማው መበጥበጫ ሲሆን ምንም አይጎዳም፤ ጨው አልባውን ገንዳ ግን ሁልጊዜ በእሱ ብቻ አይሙሉት።

ጨው

ስለ ጨው ምርጫ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የወጥ ቤት ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። የባሕር ውሃ ግን ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎችም አሉበት፤ ሸርጣኑ ቅርፊቱን የሚያጠነክረው በካልሲየም ነው። ከአፋር የመጣ አሞሌም ቢሆን ከባሕር ይነሣ እንጂ ተቆርጦ የሚወጣው ድንጋይ ያው በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ስለሆነ አይተካውም። “የሄርሚት ክራብ ጨው” እየተባሉ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጡትን በተመለከተ ጀርባቸውን ያንብቡ። ለባሕር ዓሣ አኳሪየም ያልተሠራ፣ ማዕድኖቹ ያልተዘረዘሩበት ጨው ከሆነ ይተዉት።

ኢንስታንት ኦሽን ለዚህ ሥራ የምመክረው ነው። የባሕር ዓሣ አርቢዎች በየቀኑ የሚጠቀሙበት ድብልቅ ነው፤ የትም ይገኛል። ለ10 ጋሎን የሚሆነው ትንሹ ከረጢት ከላይ ለገለጽሁት ገንዳ 20 ጊዜ ይሞላል፤ በየሳምንቱ ቢቀይሩ ወደ አምስት ወር ማለት ነው። ድክመቱ እርጥበት መሳቡ ነው። ከረጢቱ ከተከፈተ በኋላ አየር በማያስገባ ዕቃ ካልተቀመጠ ይደነድናል። ከመቅዳትዎ በፊት ከረጢቱን ያገላብጡት፤ ማዕድኖቹ በጉዞ ላይ እየተለያዩ ከታች ይዘቅጣሉ።

አበጣበጡ እንዲህ ነው። አንድ ጋሎን ውሃ በፕራይም ያክሙ። ከዚያ ግማሽ ኩባያ ጨው፣ በሚዛን ወደ 130 ግራም፣ ቀስ እያሉ ውሃው ላይ ይጨምሩ። ውሃን ጨው ላይ ማፍሰስ አይገባም፤ ጨው በበዛበት ትንሽ ውሃ ውስጥ ካልሲየሙ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል፤ ተመልሶም አይሟሟም። ጀሪካኑን ዘግተው ይናጡት፤ ለአንድ ሌሊት ያሳድሩት፤ ጥርት ሲል ይለኩት። አንደኛውን ጀሪካን “ጨው”፣ ሌላውን “ጨው የሌለው” ብለው በትልቁ ይጻፉባቸው፤ ካልተጻፈ መቀየሩ አይቀርም።

ሲለካ መጠነ ክብደቱ (ከንጹሕ ውሃ አንጻር ያለው ክብደት) ከ1.021 እስከ 1.025 ቢሆን ጥሩ ነው። መለኪያው ሁለት ዓይነት ነው። ሃይድሮሜትር የሚባለው ባለ ፕላስቲክ ቀስቱ ርካሽ ነው፤ ግን አረፋ ቀስቱ ላይ ከተለጠፈ ወደ ላይ ያነሣውና ከእውነተኛው በላይ ያነብባል። የደረቀ ጨው ከተጋገረበት ደግሞ ከብዶ ከእውነተኛው በታች ያነብባል። ከመለካትዎ በፊት ቀስ ብለው ቆጥቆጥ አድርገው አረፋውን ያስለቅቁ፤ ሲጨርሱ በንጹሕ ውሃ ያጥቡት። ሪፍራክቶሜትር ወደድ ይላል፤ ሁለት ጠብታ ውሃ ብቻ ይፈልጋል፤ በየጊዜው በኪሎ 35 ግራም ጨው ባለው መመዘኛ ፈሳሽ ከተስተካከለ የሚያምኑት እሱን ነው። አንድ አኳሪየም ብቻ ላለው ሃይድሮሜትር ይበቃል።

ጨዋማው ገንዳ ሲጎድል በጨው ውሃ አይሙሉት። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የጎደለው በታከመ ጨው አልባ ውሃ ይሞላል። በየቀኑ ጨው ውሃ እየተጨመረበት ሳምንት የቆየ ገንዳ ከባሕር የጨወየ ይሆናል፤ ሸርጣኖቹም ይሸሹታል። ጨው አልባው ገንዳ በተቃራኒው ሸርጣኖቹ በዛጎላቸው በሚያመጡት ጨው ቀስ በቀስ ይጨወያል፤ ለእሱ መፍትሔው መሙላት ሳይሆን መቀየር ነው።

አረፋ ያስፈልጋል ወይ

ያለ ፓምፕ ገንዳውን በየሁለት ሦስት ቀኑ መቀየር ግድ ነው። ትንሽ የአየር ፓምፕና የአረፋ ድንጋይ ከገባበት ውሃው ስለሚንቀሳቀስ አተላው ላዩ ላይ አይረጋም፤ እርጥበቱም ይጨምራል፤ መቀየሩ በሳምንት አንዴ ይበቃል። ለ10 ጋሎን ተብሎ የሚሸጠው ትንሹ ፓምፕ በማከፋፈያ ቫልቭ ሁለቱንም ገንዳ ያዳርሳል። ቱቦው ላይ የማይመልስ ቫልቭ ያስገቡ፤ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተስቦ ፓምፑና መሬቱ ላይ እንዳይፈስስ የሚያደርገው እሱ ነው። ድንጋዩንና ቱቦውን ከመረቡ ስር አድርገው ይስፉት፤ ሸርጣን ቱቦ ይቆርጣል። የአየሩን ኃይል ይቀንሱ፤ ጠንካራ አረፋ ጨዋማ ውሃ በዙሪያው እየረጨ ነጭ ጨው ያጋግራል።

ፓምፑ የሚስበው የቤቱን አየር መሆኑን አይርሱ። ቡና በሚፈላበት ሳሎን ከተቀመጠ የእጣኑን ጭስ፣ ጸጉር በሚሠራበት ክፍል ከሆነ የሚረጨውን ስፕሬይ ስቦ ውሃው ውስጥ ይረጨዋል። የበረሮ መድኃኒት ከሁሉም የከፋ ነው፤ በረሮ የሚገድል መድኃኒት ሸርጣንም ይገድላል። እጣን የሚጨስበት ቤት ከሆነ ፓምፑን ሌላ ክፍል አድርገው በረጅም ቱቦ ያምጡት፤ ካልሆነም ጭሱ እስኪወጣ ነቅለው ያቆዩት።

እጥበትና የገንዳው ምልክቶች

ሲቀይሩ ሳሙና አይንካው። መረቡን አውጥተው በሙቅ ውሃና በብሩሽ ይፍተጉት። የሚያሟልጭ አተላ ካለው ነጭ ኮምጣጤ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ዘፍዝፈው በደንብ ያለቅልቁ። በረኪና የሚጠቀሙ ከሆነ እንኳ ሽታው እስኪጠፋ ታጥቦ፣ ፕራይም በበዛበት ውሃ ተዘፍዝፎና ደርቆ ካልሆነ አይመልሱት።

ውሃው በአንድ ቀን ከደፈረሰ መጀመሪያ የምግብ ቁራጭ ይፈልጉ፤ የምግብ ሳህኑ ከገንዳው በጣም ቀርቦ ይሆናል። የዓሣ ሽታ ከመጣ ሸርጣኖቹን ይቁጠሩ፤ የሞተ ሊኖር ይችላል። ጨዋማው ውሃ ላይ አሸዋ የሚያህሉ የሚንቀሳቀሱ ነጥቦች ከታዩ ሴቷ እንቁላሏን ለቅቃ ሊሆን ይችላል፤ ጩጬዎቹ በባሕር ውሃ ተንሳፍፈው ማደግ ስላለባቸው ልዩ ዕቃ ከሌለ በገንዳው ውስጥ አይተርፉም። ለዚህም ነው በሱቅ የሚሸጡት ሸርጣኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከባሕር ዳር የተያዙ የሆኑት፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ሌላ ከመግዛቱ በፊት ያሉትን በደንብ ማኖር ይቀናዋል።

አንድ ሸርጣን ቀኑን ሙሉ ከገንዳው የማይወጣ ከሆነ በቅድሚያ የእርጥበት መለኪያውን ይዩ። ከ70 በመቶ በታች ከወረደ ሸርጣኑ ለመተንፈስ ውሃ ውስጥ ተጠልሏል፤ ክዳኑን አጥብቀው ይዝጉ። እርጥበቱ ደህና ከሆነ ግን ቆዳውን ለመቀየር ውሃ እያጠራቀመ ሊሆን ስለሚችል አይንኩት። ገንዳው ውስጥ ሸርጣን አይተው የማያውቁ ከሆነ ደግሞ አይስጉ፤ የሚወጡት በሌሊት ነው። ጠዋት ወለሉ ላይ አሸዋ ካለ ገብተውበታል።

አዲስ ሸርጣን ወደ ቤት ሲገባ ሁለቱም ገንዳዎች ሞልተው፣ አሸዋው ረጥቦ፣ አኳሪየሙ ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ሞቆ መጠበቅ አለበት። ከሽቦ ጎጆ የመጣ ሸርጣን ደርቆ ነው የሚመጣው፤ ይዘው ውሃ ውስጥ አይዝፈቁት፤ በገንዳው አጠገብ አስቀምጠው ይተዉት። ባዶ ዛጎሎችንም እዚያው አጠገብ ያኑሩ፤ አፋቸው ክብ የሆነው ተርቦ የሚባሉት ለፐርፕል ፒንቸር ይስማማሉ፤ ቀለም ያልተቀቡትን ይምረጡ፤ ቀለሙ እየተላጠ ገንዳው ውስጥ ይገባልና።